የሃምሳ ሁለት ዓመቷ አመፀኛ

አርባ አንድ ጊዜ ከቤት ጠፍታለች። አሥራ ስድስት ጊዜ ከትምህርት ቤት ተባርራለች፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ በሦስቱ ጥፋቱ የርእሰ መምህሩ ነበር። በመስተዋት ፊት ጸጉሯን በመቀስ የሸለተችበትን፣ በማታውቀው ወጣት ሞተር ብስክሌት ላይ የተፈናጠጠችበትን፣ በዝናብ ጣራ ላይ ወጥታ አንዱን ከንቲባ ከነምክር ቤቱ የሰደበችበትን ጊዜማ ማን ቆጥሮት። ይህን ሁሉ የምታደርገው ታዲያ በሥራ ሰዓት ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዳቦዋን ገዝታ ቤቷ ትገባለች፣ የእናቷን ጉንጭ ትስማለች፣ ከዚያ በኋላ እስክትተኛ ድረስ ከሹክሹክታ የዘለለ ቃል ከአፏ አይወጣም።

የሥራ ባልደረቦቿ «ልጅቷ» ነው የሚሏት። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ትይዛለች፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ «መነጽሬን ያየ» እያለች ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ትዞራለች። ቢሆንም ልጅቷ ናት። ከውጭ የሚመጡ ፊልሞች በቴሌቪዥን ከመታየታቸው በፊት ንግግራቸው ተተርጉሞ፣ አንድ ሰው በተዋናዮቹ ከንፈር ልክ ይናገረዋል። በፊልሙ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት፣ በአባቷ ወይም በመምህሯ ወይም በሰፈሩ በሙሉ ላይ ያመፀች ልጅ ካለች፣ ድምፁ የእሷ ነው። ዕድሜ ፊቷን እንደ ሁላችንም ሲያስረጅ ጉሮሮዋን ረስቶት አልፏል። ስልክ የሚደውልላት ሁሉ «እናትሽ አሉ?» ነው የሚላት።

ወደዚህ ሥራ የገባችው በጽሕፈት ነው። ሠላሳ ዓመት ሲሆናት ትርጉሞቹን በታይፕ የምትጽፍ፣ ቢሮው ውስጥ መኖሯ የሚታወቀው በታይፕ መምቻው ድምፅ ብቻ የሆነ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ድምፅ ልትሰጥ የተቀጠረችው ተዋናይ ሳይመቻት ቀረች። ፊልሙ ተደቅኗል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። አለቃቸው ግዙፍ፣ ነገር የማያስረዝሙ ሴት ናቸው፤ ታይፒስቷን ክንዷን ይዘው ማይኩ ፊት አቆሟትና «አንብቢው ብቻ፣ ርዝመቱን ልንለካ ነው» አሏት። ገጹ ላይ የተጻፈው አንዲት ልጅ የእንጀራ አባቷን ቁም ስቅሉን የምታሳይበት ንግግር ነበር። ታይፒስቷ ገጹን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አነበበችው። ክፍሉን ለሁለት ከሚከፍለው መስተዋት ወዲያ የተቀመጠው ድምፅ ቀጂ የድምፁን ከፍታ የሚለካው መርፌ ቀዩ ላይ ሲወረወር አይቶ ማዳመጫውን ከጆሮው አነሳ። አለቃዋም «ተዋናይዋን እንዳትጠሩብኝ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። የሚቀዱበት ክፍል ድሮ የፍራሽ መጋዘን የነበረ ነው፤ ነጋዴው ሲለቅ የተዋቸውን ፍራሾች ግድግዳው ላይ ቸንክረው ድምፅ አፋኝ አደረጓቸው። ብቸኛው ችግር ሊፍቱ ነው። ከግድግዳው ጀርባ ስለሆነ የሚያልፈው፣ እሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አመፅ ይቋረጣል። ልጅቷ ዓለምን ለመገልበጥ አፏን እንደከፈተች ቆማ፣ አራተኛ ፎቅ ያለው የጥርስ ሐኪም ደንበኛውን እስኪሸኝ ትጠብቃለች። ስክሪፕቱ ሲገለጥ እንዳይንኮሻኮሽ እያንዳንዱ ገጽ ላስቲክ ውስጥ ይገባል። ስትጮህ ሆዷ ላይ ትራስ ይዛ ትጫነዋለች፣ ድምፁ ከሥር እንዲመጣ። በጥፊ መመታት ካለባት የራሷን እጅ በራሷ እጅ ትመታዋለች፤ ዓይኗ ግን ሁልጊዜ ይርገበገባል፣ የምር እንደተመታ ሰው።

ስለ እነዚህ ፊልሞች ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። አመፀኛ ልጅ ባለችበት ፊልም ውስጥ ዕቃ የሚያጥብ ሰው እንደሌለ ያስተዋለችው እሷ ናት። አባት ሁልጊዜ እየበላ ነው የሚቆጣው። የሚረዳት አንድ መምህር ይኖራል፣ እሱንም ከሥራ ያባርሩታል። መጨረሻው ወይ ባሕር ነው ወይ ባቡር። «ባሕር ከሆነ አልቅሰሽ ጨርሺ፣ ባቡር ከሆነ አታልቅሺ» ይሏታል አለቃዋ። እንዲህ ስትቀልድባቸው የምትንቃቸው እንዳይመስላችሁ፤ እያንዳንዷን ልጅ ትወዳታለች። ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦዋን እያላመጠች «ያቺ ልጅ እኮ እውነቷን ነው» ስትል፣ ጎረቤቷ ያለች ልጅ እንጂ ከባሕር ማዶ የመጣች የፊልም ልጅ አትመስልም።

እናቷ ይህን አንዱንም አያውቁም።

እናቷ አርባ ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው። የከተማውን ልጅ ሁሉ በአንድ ጨርቅ፣ በአንድ ኮሌታ፣ ከጉልበት ሁለት ጣት ዝቅ ባለ ቀሚስ አልብሰዋል። ባላቸው የሞቱባቸው ልጃቸው አራት ዓመት ሲሆናት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እሳቸው፣ ልጅቷና የስፌት መኪናው አንድ ቤት ውስጥ ኖረዋል። መትተዋት አያውቁም፤ ጮኸውባትም አያውቁም። ልጃቸው አንድ ነገር ተናግራ ደስ ካላላቸው መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው ያስቀምጡና ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ነው ልጅቷን ያሳደጋት። ሰባት ዓመቷ ላይ ውሻ ላሳድግ ስትል መቀሱ ተቀመጠ፤ የውሻው ነገር ቀረ። አሥራ ስምንት ላይ ሌላ ከተማ ሄጄ ልማር ስትል መቀሱ ተቀመጠ፤ የከተማው ነገር ቀረ። በኋላማ መጠየቁን ራሱ ተወችው፤ ምን አደከማት።

የመጀመሪያው ፊልሟ በቴሌቪዥን የታየ ዕለት ልትነግራቸው ነበር። ሶፋው ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ልቧ እየዘለለ፣ «እማዬ፣ ይቺ እኮ» ልትል አፏን ስትከፍት እናቷ ቀደሟት።

«ይቺ ልጅ እናት የላትም?» አሉ። «ዓይኗን በጨው አጥባ የተወለደች። እኔ እናቷን ብሆን በሐፍረት አልጋዬን ይዤ እቀር ነበር።»

ልጅቷ የከፈተችውን አፍ ዘጋችው። ዛሬም ድረስ እናቷ የሚያውቁት ልጃቸው ትርጉም ቢሮ ውስጥ ጽሕፈት እንደምትሠራ ነው። ውሸት አይደለም፤ ትጽፋለችም። የተሳታፊዎቹን ስም ዝርዝር ደግሞ ቴሌቪዥኑ ሁልጊዜ በማስታወቂያ ይቆርጠዋል፤ እግዜር ይስጠው።

እንግዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ፣ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ሶፋዋ ላይ፣ በገዛ እናቷ ትሰደባለች። እናቷ ከተሳደቡ አይሰለቻቸውም። አንድ ፊልም እንኳ አምልጧቸው አያውቅም። ጎረቤት መጥታ ወሬ ስትጀምር «ቆይ፣ ይቺን ባለጌ ልስማት» ብለው ድምፁን ይጨምራሉ። በተለይ አንዲት ልጅ አለች፤ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ከተማ ልጅ ናት። እናቷ፣ አክስቷ፣ ሁለት እህቶቿ በአንድ መስመር ቆመው ቆርቆሮ ሲከድኑ ይውላሉ። ለእሷም ከአሥራ ስምንት ዓመቷ ጀምሮ አንድ ቦታ ተይዞላታል፤ ሽርጡ እንኳ ተገዝቷል። ልጅቱ ሽርጡን ወለሉ ላይ ጥላ ለእናቷ «እስከ ዛሬ አንቺ ያልሽውን ኖሬያለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ የራሴን እኖራለሁ። ብትፈልጊ እርገሚኝ። እኔ ግን እሄዳለሁ» ትላታለች። እናቲቱም «ከዚህ ቤት ከወጣሽ እናት አለኝ እንዳትዪ» ትላታለች። ልጅቱ ትወጣለች። መጨረሻው ባሕር ነው። ይህ ፊልም በተመልካች ጥያቄ በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ታየ፤ እናቷ ሦስቱንም ጊዜ አይተው ሦስቱንም ጊዜ አፏን በሳሙና ሊያጥቡላት ተመኝተዋል። በሦስተኛው ልጅቷ አልቻለችም።

«ምን ታድርግ እማዬ፣ በዪ ተብላ የተሰጣትን ነው የምትለው» አለች።

«ማን ነው የሰጣት?»

«እንዲያው ነው» አለችና ዳቦ ልትቆርጥ ወደ ማድቤት ሄደች።

አሁን ወደ ቀጂው እንምጣ። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አግብቶ አያውቅም፤ ክረምት ከበጋ ሹራብ ይለብሳል። ከሰው ጋር ፊት ለፊት ሲሆን ምላሱ ይተሳሰርበታል። ከመስተዋቱ ወዲያ ተቀምጦ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ሲጫን ግን ሌላ ሰው ነው፤ ይቀልዳል፣ ያጽናናል፣ ነገር ይፈጥራል። ልጅቷ ጉንፋን ሊይዛት መሆኑን ከእሷ በፊት እሱ ያውቃል። እንዲህ ባለ ቀን ስክሪፕቷ አጠገብ የሞቀ የሎሚ ውሃ ታገኛለች፤ ማን እንዳስቀመጠው ተጠይቆ አይታወቅም። ልጅቷ ይህን ሰው ትወደዋለች። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ብትጠየቅ ከሎሚው ውሃ ጀምሮ ትላለች፤ ያ ደግሞ አሥራ ምናምን ዓመት ነው።

የዚያን ሐሙስ የሚቀዱት ፊልም ስለ አንዲት የደሴት ልጅ ነበር። ደሴቲቱ ላይ ማን ማንን እንደሚያገባ የሚወስነው የጀልባዎቹ ባለቤት ነው። የደሴቷ ልጅ ታዲያ ወደቡ መሀል ቆማ፣ ዓሣ ሻጭ ሁሉ እየሰማ፣ ጀልባ ለሚጠግነው ወጣት «አገባሃለሁ፤ የፈለገ ይናደድ» ትለዋለች። ሁለት ጊዜ ቀዱት። በመጀመሪያው ሊፍቱ ገባበት። በሁለተኛው ግን ግሩም ሆኖ ወጣ፤ አለቃዋም ረክተው ስልክ ለመመለስ ከክፍሉ ወጡ።

«ጥሩ ነው» አለ የቀጂው ድምፅ በማዳመጫዋ ውስጥ። ቁልፉን ግን አልለቀቀም፤ ትንፋሹ ይሰማታል። «አንድ ጊዜ ትደግሚዋለሽ?»

«ምኑ ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም።»

«ታዲያ ለምን?»

«እንዲያው ለእኔ ብለሽ ብትዪው ብዬ ነው።»

ልጅቷ በመስተዋቱ አየችው። እሱ መርፌዎቹን ነው የሚያየው።

«ለሥራው ነው?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«አይደለም። ነገሩን ከማበላሸቴ በፊት ልጨርሰው። ላገባሽ እፈልጋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከስንቱ ጋር ስትኮበልዪ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከእኔ ጋር መኮብለልም አያስፈልግሽ፤ ቤቴ ከእናትሽ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው።» ትንሽ ተነፈሰ። «አንድ ሩቅ ከተማ ያለ ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ሰጥቶኛል። ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። እሺ ካልሽኝ እቀራለሁ። እምቢ ካልሽ እሄዳለሁ፤ እዚህ ቁጭ ብዬ በየቀኑ ድምፅሽን መስማት አልችልበትም።»

ልጅቷ ማዳመጫዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«እሺ እልሃለሁ፤ በፊት ግን እናቴን ልንገራት» አለች። «ሳልነግራት አይሆንልኝም። እሁድ እነግራታለሁ።»

እሱም «እስከ ሰኞ ጠዋት እጠብቃለሁ» አለና ቁልፉን ለቀቀ። ማሽኑን ማጥፋት ግን ረስቶ ነበር። አለቃዋ ተመልሰው የተቀዳውን ልስማው ሲሉ ከደሴቷ ልጅ ቀጥሎ ይሄ ሁሉ ጉድ ክፍሉን ሞላው። ቀጂው በሹራቡ አንገት ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። አለቃዋ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ይሄ ስክሪፕቱ ላይ የለም» አሉ። «ግን ዛሬ ከቀዳችሁት ሁሉ ይሻላል።»

ከዚያ ልጅቷን ለብቻዋ ወደ ኮሪደሩ ወሰዷት። «እናትሽ ምን ያደርጉኛል ብለሽ ነው የምትፈሪያቸው?»

«መቀሳቸውን ያስቀምጣሉ።»

«ያስቀምጣሉ ወይስ ይወረውራሉ?»

«ያስቀምጣሉ። ቀስ ብለው።»

«አርባ አንድ ጊዜ ከቤት ጠፍተሻል» አሉ አለቃዋ። «አርባ ሁለተኛው ምን ሊከብድሽ ነው?»

ከብዷት ነበር እንጂ። ዓርብ ማታ ለመናገር ሞክራ፣ «እማዬ» ብላ፣ «ሻይ ልጨምርልሽ?» ላይ ጨረሰችው። ቅዳሜ የምታውቀውን ዘዴ ያዘች። ቢሮ ሄዳ የምትለውን በሥራዋ ወረቀት ላይ፣ በሥራዋ አጻጻፍ ጻፈችው፤ በግራ በኩል የተናጋሪው ስም፣ በቀኝ በኩል ንግግሩ። የራሷን አሳምራ ሞላችው። «እናት» የሚለው ፊት ለፊት ምን እንደምትጽፍ ግን ጠፋት። ሃምሳ ሁለት ዓመት አብራቸው ስትኖር፣ እናቷ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አታውቅም። ባዶውን ተወችው። ወረቀቱንም በልማድ ላስቲክ ውስጥ ከተተችው፣ እንዳይንኮሻኮሽ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እናቷ መስኮቱ ሥር በስፌት መኪናቸው ላይ ተደፍተው የጎረቤት ቀሚስ ያሳጥራሉ። ልጅቷ የሎሚ ውሃዋን ጠጣች። የሶፋውን ትራስ አንስታ ሆዷ ላይ ያዘች። ከማይክ የምትርቀውን ያህል ከእናቷ ርቃ ቆመች።

«ሆድሽን አሞሻል?» አሉ እናቷ ቀና ሳይሉ።

«አይ፣ እማዬ።»

«ትራሱ ታዲያ ምንድን ነው?»

«እንዲያው ነው። አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ነው።»

«ንገሪኛ።»

ልጅቷ በሌላ እጇ የያዘችውን ላስቲክ የገባ ወረቀት አየች፤ ፊደሉ ሁሉ ተደበላለቀባት። «ቢሮ አብሮኝ የሚሠራ ሰው አለ» አለች፣ በቤቷ ድምፅ፣ ማለትም ከድምፅ በማይቆጠረው።

«ጮክ በዪ፣ ከመኪናው ሌላ አይሰማኝም።»

ደገመችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያውም አነሰ። እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁና ስፌታቸውን ቀጠሉ፤ መኪናው ተንደረደረ። ልጅቷ ልትተወው ነበር። እግሯ ወደ ማድቤት ዞሮ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ታየቻት፤ መስተዋቱ፣ ከመስተዋቱ ወዲያ ባዶ ወንበር፣ በማዳመጫው ውስጥ የሌላ ሰው ድምፅ። ደነገጠች። የራሷ ቃል ፈጽሞ አልመጣላት አለ፤ ሆዷ ግን በልማድ ከትራሱ ሥር ጠበቀ፣ ደረቷም ተነሳ፣ ያኔ የወጣው የዓሣ ፋብሪካዋ ልጅ ድምፅ ነበር።

«እስከ ዛሬ አንቺ ያልሽውን ኖሬያለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ የራሴን እኖራለሁ። ብትፈልጊ እርገሚኝ። እኔ ግን እሄዳለሁ።»

ቃል በቃል ነው። «እርገሚኝ» ካለች በኋላ የምትወስደው ትንፋሽ እንኳ አልተረሳም። የስፌት መኪናው ቆመ። የመስኮቱ መስተዋት ትንሽ የተርገበገበ መሰላት። እናቷ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ድገሚው» አሉ።

«ምኑን?» አለች ልጅቷ፣ ወደ ሹክሹክታዋ ተመልሳ።

«አሁን ያልሽውን። በዚያው ድምፅ።»

ደገመችው። እናቷ እጃቸውን ቀሚሱ ላይ እንዳደረጉ፣ ልጃቸውን ገና ዛሬ ከአውቶቡስ እንደወረደች ሴት እያዩ ቆዩ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«የፋብሪካዋ?»

«አዎ።»

«ጸጉሯን የሸለተችው? ያቺ፣ ሐዲድ ላይ የተኛችው?»

«እነሱም እኔ ነኝ። ሁሉም።»

«ጣራ ላይ ወጥታ ከንቲባውን የሰደበችው?»

«አዎ።»

«እሱንስ ደግ አደረግሽ» አሉ እናቷ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ሃያ ሁለት ዓመት አጠገቤ አስቀምጬ ሰደብኩሽ። አንቺም ሻይ ቀዳሽልኝ።»

«የሚያሳፍርሽ መሰለኝ።»

«ድምፅሽን አላወቅኩትም እኮ» አሉ እናቷ። አሁን የእሳቸው ድምፅ ነው የቀጠነው። «የወለድኳትን ልጅ ድምፅ አላወቅኩትም። በዚህ ቤት ሰምቼው አላውቅማ፤ በምን ልወቀው። የሰው አገር እናቶችን ሁሉ ስትሟገቺ፣ ለእኔ ምን አንሶኝ ነው? አንድ ቀን እምቢ ብትዪኝ ምን ነበረበት? ዝም ስትዪ እኔ ደስ ያለሽ ይመስለኝ ነበር።»

ልጅቷ ትራሱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «መቀስሽን ስታስቀምጪ እፈራ ነበር» አለች።

«የምን መቀስ?»

«ስትቆጪ መቀስሽን ታስቀምጪና ዝም ትያለሽ።»

እናቷ የምራቸውን ግራ ገባቸው። «እኔ? ሳስብ እኮ ነው የማስቀምጠው። መቀስ ይዤ ሳስብ ጣቴን ልቆርጥ ነው? አስቤ ቀና ስል አንቺ ሄደሻል። ሌላ ወሬ ጀምረሻል። ሐሳቧን ቀየረች እያልኩ እተወው ነበር።»

ልጅቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ውሻው፣ ሩቁ ከተማ፣ ያልጠየቀቻቸው ሌሎች ነገሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ መጥተው ደረቷ ላይ ተቀመጡ። ማልቀስ ነበረባት፤ ሳቋ መጣ። እናቷም እሷን አይተው ሳቁ፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ ሳያልቅ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ያቺ የፋብሪካዋ ልጅ እናት ቀጥላ ምን እንዳለች አስታውሳለሁ» አሉ እናቷ። «ሦስት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ልጂቱን ብሰድብም፣ አንቺም ሴትዮ ትንሽ ታግሰሽ ብትናገሪ ምን ነበረ ብያለሁ። ‹እናት አለኝ እንዳትዪ› ያለችውን እኔ አልለውም።» ወንበራቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። «የፊልሙን ተዪውና የራስሽን ንገሪኝ። ወዴት ነው የምትሄጂው?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። የአሥራ ሰባት ዓመቷን ልጅ ጉሮሮዋ ውስጥ ፈለገቻት፤ አልነበረችም። ሹክሹክታዋንም ፈለገች፤ እሷም ሄዳለች። ላስቲክ የገባው ወረቀት ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ጎንበስ ብላም አላነሳችው።

«ላገባ ነው፣ እማዬ» አለች። «የምወደው ሰው አለ። ድምፅ ቀጂ ነው፤ ከዚህ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው የሚኖረው። ነገ ጠዋት መልስ ይጠብቃል። እኔ እሺ ልለው ነው።»

ድምፁ ትንሽ የሻከረ፣ መሀሉ ላይ የተሰበረ፣ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ድምፅ ነበር። ከማንም ከንፈር ጋር እንዲገጥም የተለካ አልነበረም። እሷ ራሷ ሰምታው ስለማታውቅ ማን ተናገረ ብላ ልትዞር ምንም አልቀራት። እናቷ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ነገሩ ካለቀ በኋላም የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር።

«ይህን ድምፅሽን ሰውየው ያውቀዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

ልጅቷ አሰበች። ያ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ጆሮው ላይ አድርጎ ያልሰማው የእሷ ድምፅ የለም፤ ጩኸቷን፣ ልቅሶዋን፣ ጉንፋኗን ሁሉ ያውቃል።

«አያውቀውም» አለች። «አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

እናቷ ዓይናቸው ሞላ። የቀሚሱን ጫፍ አንስተው ጠረጉት፣ የጎረቤት ቀሚስ መሆኑ ትዝም አላላቸው።

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ። «ሂጂና አሰሚው።»